27 ሆነን ስለ ርቀት የተማርንባት ሌሊት

ጎበዝ፣ ይህን ከመጻፌ በፊት ሁለት ሳምንት ዝም ብያለሁ። ዝም ያልኩት ፈርቼ ሳይሆን ተናድጄ ነው። ሰው ተናዶ የጻፈው ነገር በማግስቱ ራሱን ያሳፍረዋል። አሁን በረድ ብሎልኛል፣ ስለዚህ ልጻፈው። ረዘም ይላል፤ ሳታነቡ ላይክ የምታደርጉ ልጆች ዛሬ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት ማለቂያ ላይ እናቴ ሽንኩርትና ሳሙና ግዛ ብላ ገበያ ላከችኝ። እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ማስክ ነበረኝ። በ25 ብር የገዛሁት የጨርቅ ማስክ ነው፣ ከመታጠቡ ብዛት ቀለሙን የለቀቀ። የአንደኛው ጆሮ ላስቲክ ስለተበጠሰ በክር አስሬው ነበር። ክሩ መንገድ ላይ ተፈታብኝና ቆም ብዬ ልቋጥረው ስል "ና ወዲህ!" ተባልኩ። "ይኸው ማስኬ" አልኩ። ፖሊሱ አየኝና "አፍህ ላይ ነው ወይስ እጅህ ላይ?" አለኝ። እጄ ላይ ነበር። ምን እላለሁ?

ፒካፕ ላይ ተጫንን። ከእኛ ጋር አንዲት ጎመን ሻጭ ነበሩ፤ እትዬ እያልናቸው ነው የሄድነው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቅልለዋል፣ ግን "ነጠላ ማስክ አይደለም" ተባሉ። ጎመናቸው እዚያው ገበያ መሬት ላይ ቀረ። መንገዱን ሙሉ ስለ መታሰራቸው አንድም ቃል አልተናገሩም። "ማን ውኃ ይረጭልኛል፣ ይጠወልጋል'ኮ" ብቻ ነበር የሚሉት።

የጣቢያውን ስም አልጠራም። ስሙን ብጠራው ነገሩ የአንድ ጣቢያ ጉዳይ ይመስላችኋል፣ አይደለም። ሴቶቹን ለብቻ ወሰዷቸው፤ እኛን አንድ ክፍል አስገቡን። 27 ነበርን። ቆጥሬያለሁ፣ ሌሊቱን ሌላ ምን ሥራ አለ? ክፍሉ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ስድስት ሆነን ከተኛንበት ዶርም ብዙም አይሰፋም። መስኮቱ አንድ ነው፣ እሱም የመጽሐፍ ሽፋን ያክላል። ከመካከላችን ሦስት የባጃጅ ሹፌሮች፣ ከረንቡላ ሲጫወቱ የተያዙ ልጆች፣ ከገጠር ዶሮ ሊሸጥ የመጣና ስለ ማስክ ሰምቶ የማያውቅ ጎልማሳ ነበሩ። አንድ ሽማግሌም ነበሩ፣ አስም ያለባቸው። እሳቸው በሳሉ ቁጥር 26ታችንም ወደ ግድግዳው እንሸሻለን። ግድግዳው ግን ወዴትም አይሸሽም።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ሳጅን በሩን ከፈተ። ከደጅ ሆኖ አስተማረን። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ አለ፣ ውኃም ሳሙናም አልነበረም። ተጨናንቃችሁ አትቀመጡ አለ። ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ አለ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ቀስ ብለው "ልጄ፣ ወዴት እንራራቅ?" አሉት። መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ከዚያ አንዱ ባጃጅ ነጂ ፈነዳ፣ ሁላችንም ፈነዳን፣ ሳጅኑም ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። የሱም ማስክ አገጩ ላይ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መክረው ለቀቁን። ማንም ሙቀታችንን አልለካም፣ ማንም ስልካችንን አልመዘገበም። ከ27ታችን አንዱ ቫይረሱ ኖሮበት ቢሆን 26 ሰው 26 ቤት ይዞት ይገባል፣ የማን ንክኪ ማን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። እስቲ ይህን በሽታ መከላከል ነው የሚል ሰው ካለ ያስረዳኝ።

አሁን አንድ ነገር ላጥራ። ይህን ታሪክ ወስዳችሁ "በቃ ኮሮና የለም፣ ፖለቲካ ነው" ለማለት የምትሮጡ አላችሁ። የኛው ሰፈር ልጆች ናችሁ፣ አውቃችኋለሁ፣ ኮሜንት ላይ አያችኋለሁ። ተዉ። ቫይረሱ እውነት ነው። የመጀመሪያው ሰው መጋቢት 4 ሲነገር፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ፣ ብዙዎቻችን "የፈረንጅ በሽታ ነው" ብለን ነበር። መጋቢት 27 አንዲት የ60 ዓመት እናት ሞቱ ተባለ፣ የመጀመሪያዋ። ግንቦት 22 የታማሚው ቁጥር ሺህን አለፈ። በሰኔ 2012 በየቀኑ ከመቶ በላይ ሲነገር ዜናውን የሚሰማ ሰው እንኳ ጠፍቶ ነበር፣ ለምደነው ነበር። ዋሽንግተንና አካባቢው ዘመድ ያላችሁ ጠይቁ። ታክሲ የሚነዱት፣ ፓርኪንግ የሚሠሩት፣ ሆስፒታል የሚያጸዱት ወገኖቻችን ቤት ቁጭ ብለው መሥራት የሚችሉ ሰዎች አይደሉም። እነሱን ቫይረሱ የለም በሏቸው እስቲ።

ምርጫው ለነሐሴ 23 ተቀጥሮ ነበር፣ ተራዘመ፤ ሰኔ 3 ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕገ መንግሥት ተርጉሞ የነበረው መንግሥት እንዲቀጥል ወሰነ። በዚህ ላይ የራሴ አስተያየት አለኝ፣ ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ። ግን ምርጫ ተራዘመ ማለት በሽታው ውሸት ነው ማለት አይደለም። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል። ባለ ሥልጣን በበሽታው ሊጠቀም ይችላል፣ በሽታውም ሊገድል ይችላል። ይህን መለየት ካቃተን ዲግሪያችን ለምኑ ነው? (እርግጥ እስካሁንም ለምንም አልሆነም። የኔ ከተንጠለጠለ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ኢኮኖሚክስ፣ ፍሬሙ ግን ቆንጆ ነው።)

አዋጁን አንብቤዋለሁ። ሥራ የለኝም ብያችኋለሁ፣ ጊዜ አለኝ። አዋጅ ቁጥር 3/2012፣ መጋቢት 30 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ታወጀ፣ ለአምስት ወር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ወረርሽኝ ሲከሰት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ይፈቅዳል፣ ክልልም በራሱ ማወጅ ይችላል ይላል። ስለዚህ "ሕገ ወጥ ነው" ብላችሁ የምትጮኹም አንቀጹን እዩት። ማስፈጸሚያው ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ፣ መጨባበጥ ከልክሎ ነበር፣ ትራንስፖርት በግማሽ እንዲጭን አድርጎ ነበር፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ማስክ ግዴታ አድርጎ ነበር። ጥሩ ነገርም ነበረው፣ አንክድ። ቤት አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ይል ነበር። አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያባርር ይል ነበር። ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስር ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር ነበር።

200,000 ብር! እኔ ይህን ቁጥር ሳነብ ያሰብኩት እትዬ ጎመን ሻጯን ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሚያዝያ መግቢያ ገደማ አገሪቱን ሙሉ በሙሉ መዝጋት እንደማይቻል የተናገሩት ትዝ ይላችኋል? ቤት የሌለው ብዙ ዜጋ አለ፣ ቤት ያለውም የዕለት ጉርሱን ወጥቶ ካላመጣ አይበላም የሚል ሐሳብ ነበር። እኔ የሳቸው ደጋፊ አይደለሁም፣ ይህን ገጽ የሚከታተል ያውቃል፣ ግን ትክክል የሆነውን ትክክል ነው ማለት አለብኝ። ይህ ትክክል ነበር። የሚገርመው ላይ የታወቀው እውነት ታች ሲደርስ መጥፋቱ ነው። ላይ "የዕለት ጉርስ" ያሉት ነገር ታች ቀበሌ ሲደርስ "ደንብ የጣሰ" ይሆናል።

እኛ ባሕር ዳሮች መዘጋትን ከአዋጁም በፊት ቀምሰነዋል። መጋቢት 22 ክልሉ ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ አዲስ ቅዳምንና ቲሊሊን ለ14 ቀን ዘጋ፣ ሁለት ሰው ተገኝቶ ስለነበር። ባጃጅ ቆመ። ባሕር ዳርን የማታውቁ፣ ይህች ከተማ ያለ ባጃጅ ማለት ጣና ያለ ታንኳ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሰው ፈርቶ ስለነበር አልተቃወመም፣ እኔም ደግፌ ፖስት አድርጌ ነበር። አሁንም አልጸጸትም፣ ለአጭር ጊዜና ለታወቀ ምክንያት ነበር።

ግን ቤታችን ውስጥ ምን እንደተፈጠረ ልንገራችሁ። እናቴ ጠላ ሸጣ ነው ያስተማረችኝ። ደጃችን ላይ እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ነበረ፣ ልጅ ሆኜ ያፍርብኝ የነበረ፣ ጓደኞቼን በሌላ መንገድ እንድወስዳቸው ያደረገኝ ጣሳ። መጋቢት ላይ እሷው ራሷ አወረደችው። ማንም አላዘዛትም። "ሰው እዚህ ተሰብስቦ ታሞ ቢሞት ነፍሱ በኔ ላይ ነው" አለች። ጥንስሱን ደፋችው። ይኸው ሦስት ወሯ ነው። እኔም ሦስት ልጆች አስጠና ነበር፣ ትምህርት ቤት መጋቢት 7 ሲዘጋ ወላጆቹ "ለጊዜው ይቆይ" አሉኝ። የሁለት ሰው ገቢ ባንድ ሳምንት ዜሮ ገባ። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልን አይደለም፣ ከኛ የባሰ ብዙ አለ። የምጽፈው ሕጉን ያለ ፖሊስ ያከበረች ሴት እንዳለች እንድታውቁ ነው። እናቴን ያስቆማት እስር አልነበረም። ገብቷት ነው የቆመችው።

አከራያችን ደግሞ አዋጁን አክባሪ ሰው ነው። ውጡ አላለንም፣ አዋጁ ይከለክለዋላ! ያደረገው መብራት መቁረጥ ነው። "ቆጣሪው ተበላሽቷል" አለ። የኛ ክፍል ላይ ብቻ የሚበላሽ ቆጣሪ። ቀበሌ ሄድኩ። "ማስወጣት እንጂ መብራት ስለማጥፋት አዋጁ አያወራም" አለኝ ሰውዬው፣ እሱም እየሳቀ። ያለ ማስክ የቆመን ልጅ ለመያዝ ፒካፕ አለ፣ ነዳጅ አለ፣ ስድስት ፖሊስ አለ። ተከራይን በጨለማ ያስቀመጠ ሰው ደጅ ለማንኳኳት ግን አንድ ሰው የለም። ያው ሕግ ነው'ኮ፣ ባንድ ወረቀት ላይ የተጻፈ! ለምንድነው ድሃውን የሚይዘው መስመር በፒካፕ የሚሄደው፣ ድሃውን የሚጠብቀው መስመር ደግሞ በእግሩ እንኳ የማይሄደው?

"እኛ እንሻላለን፣ ኬንያን እያችሁ?" የሚል መልስ ይመጣል። አይቻለሁ። ኬንያ ከመጋቢት 18 ጀምሮ የሰዓት እላፊ አወጀች፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ። በመጀመሪያው ቀን ሞምባሳ ላይ ጀልባ ለመሳፈር የተሰለፈውን ሕዝብ ፖሊስ በአስለቃሽ ጋዝ በተነው፣ ደበደበው፣ ሰዉ ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ ሸሸ። ርቀት ለማስጠበቅ! ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ብቻ ቢያንስ ስድስት ሰው በፖሊስ እጅ እንደሞተ ጽፏል። ናይሮቢ ውስጥ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሞ በጥይት ተመትቶ ሞተ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ በኮሮና የሞተው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ኡሁሩ ኬንያታ ግን ወጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። እኛ ዘንድ በግንቦት አዲስ አበባ ላይ ከሺህ በላይ ሰው በማስክ ምክንያት ተያዘ ሲባል የሰማነው ዜና እንደ ስኬት የሚነገር ዜና ነበር፣ "ይህን ያህል ሰው በቁጥጥር ሥር አዋልን" ተብሎ። ከኬንያ እንሻላለን፣ እሺ። የኬንያን ይቅርታ ያህል ግን እስካሁን አልሰማሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ፣ ምክንያቱም እኛ ስለ አገርና ስለ ማንነት የምናወራ ልጆች ነን፣ በባንዲራ ፕሮፋይል የምናሸበርቅ። አገራችን ወረርሽኝ ዛሬ አይደለም ያየችው። ህዳር ሲታጠን ሁላችሁም ቆሻሻ አቃጥላችኋል፣ ጭሱ ዓይናችሁን ለብልቧችኋል። ከየት እንደመጣ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ከ1911 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ዓለምን የጨረሰው ኢንፍሉዌንዛ በህዳር አዲስ አበባ ገባ፣ በሺዎች ገደለ፣ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ቀባሪ ጠፋ። "የህዳር በሽታ" ተባለ። ከዚያ በኋላ ህዳር 12 ሰው ሁሉ ሰፈሩን ጠርጎ፣ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል። መቶ ዓመት ሙሉ ማንም ሳያስረው! ጭሱ ቫይረስ ባይገድልም፣ ያን ቀን ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ደጁን ይጠርጋል። ያ ነው የጤና ጥበቃ ሥራ ማለት፣ ሕዝብ የራሴ ነው ብሎ ሲይዘው።

ሌላም አለ፣ ከዚህም ይበልጣል። ፈንጣጣ። ዓለም ፈንጣጣን አጥፍታ ስትጨርስ ኢትዮጵያ ከመጨረሻዎቹ አገሮች አንዷ ነበረች፣ የኛ የመጨረሻው ታማሚ ነሐሴ 1968 ኦጋዴን ውስጥ ነው የተገኘው። ከዚያ በፊት ክትባት ሰጪዎቹ በበቅሎና በእግር ተራራ ወጥተው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ መንደር ለመንደር ዞረው ነው የሠሩት። ሰው አንከተብም ያለበት ቦታ ነበር፤ የራሳችን መንገድ አለን የሚሉ ነበሩ። ቁጭ ብሎ ማሳመን ነበር ሥራው። ያንን ያደረገ አገር ዛሬ ከሠላሳ ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉት። እያንዳንዷ የቀበሌውን ቤት በስም የምታውቅ፣ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ ማን ሽማግሌ እንዳለው የምታውቅ። የኛ ሰፈሯ ልጅ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት መለኪያ ይዛ ቤት ለቤት ስትዞር ነበር፣ እናቴ "ልጄ ግቢ ቡና ቅመሺ" ስትላት ከደጅ ቆማ "እማማ፣ ዘንድሮ ቡናው ይቅርብን" ትላት ነበር። የእናቴ ጣሳ የወረደው በሷ ቃል ነው፣ በፖሊስ አይደለም።

እድሩስ? እድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ የሁሉም ቤት ዝርዝር አለው፣ ጥሩንባ ነፊ አለው። ሰው ሲሞት ባንድ ሰዓት ውስጥ መቶ ቤት የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ነው። ለቅሶ ሲከለከል ለእድሩ ዳኞች "አትሰብሰቡ" ብቻ ነው የተነገራቸው። "እናንተ ጋ ያለውን ዝርዝር አምጡ፣ በሰፈራችሁ ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን ዱቄት እንዳለቀበት ንገሩን፣ ማስክና ሳሙና በናንተ በኩል እናድርስ" ብሎ የጠየቃቸው ሰው ቢኖር፣ እምላለሁ፣ ያን ፒካፕ የሚፈልገው ሰው ግማሹ ይቀንስ ነበር። እኔ እንዳየሁት ማስክ ያልለበሰው ሁሉ አሻፈረኝ ያለ አይደለም። አንዱ 25 ብር የለውም፣ አንዱ ያለችው አንዷ ታጥባ ገመድ ላይ ናት፣ አንዱ አልገባውም። አሻፈረኝ የሚለውን ጎረምሳ ለብቻው አናግሩት።

ውኃውንም ልጥቀስና ልለፍ፦ እጅ መታጠብ እያልን ቧንቧችን በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ወደ ራሳችን ልመለስ፣ ይህ ክፍል አይጣፍጣችሁም። መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ታማሚ ሲነገር አንዳንድ ቦታ የኛው ልጆች የውጭ ሰው ሲያዩ "ኮሮና! ኮሮና!" እያሉ ሲከተሉ፣ ድንጋይ ሲወረውሩ ነበር። የአሜሪካ ኤምባሲ ለዜጎቹ ማስጠንቀቂያ እስከ ማውጣት ደረሰ። እንግዳ ተቀባይነት ብለን በየፖስታችን የምንለፍፈው ነገር ያን ሳምንት የት ሄዶ ነበር? ያኔ "ስለ ነጮቹ ምን አገባን" ያሉ ልጆች በሚያዝያ ከሳዑዲ የተባረሩ ወገኖቻችን ዩኒቨርሲቲ ለይቶ ማቆያ ሲገቡ "ወደ ከተማችን አታምጡብን" ብለው ጻፉ። ቀጥሎ ከሱዳን በመተማ የሚገባው የቀን ሠራተኛ ሆነ "ኮሮና ተሸካሚ"። ልጆች፣ እሱ'ኮ የኛ ሰው ነው! ሰሊጥ ሊያርም፣ ሊያጭድ የሄደ፣ እዚህ ሥራ ቢያገኝ ድንበር የማይሻገር። እኔና እሱ ያለን ልዩነት እኔ ወረቀት አለኝ፣ እሱ ማጭድ አለው። ቤይሩት ውስጥ እህቶቻችንን አሠሪዎቻቸው ቆንስላችን ደጅ ላይ ሻንጣቸውን ጥለው ሲሄዱ ፎቶውን ሼር አድርገን አልቅሰናል። የዚያችው እህት አውሮፕላን አግኝታ ብትመጣና ሰፈራችን ባለው ለይቶ ማቆያ ብትገባ ግን ምን እንደምንላት እንጃ። እንግዲህ እንደዚህ ያለ ብሔርተኝነት ፎቶ ሲሆን ይወድዳል፣ ሰውዬው ራሱ ሲመጣ ይሸሻል። እኔም አንድ ቀን ከመተማ የመጣ የአጎቴን ልጅ ደጅ ላይ አስቁሜ አናግሬዋለሁ። አሥራ አራት ቀኑን ጨርሶ ወረቀት ይዞ ነበር። ፊቱ አሁንም ይታየኛል።

ስለዚህ የምለው ይሄ ነው። ለክልሉም ለከተማውም አስተዳዳሪዎች፦ ማስክ የሌለውን ሰው አትሰሩ፣ ማስክ ስጡት። በዚያች ሌሊት እኛን ለማመላለስ የተቃጠለው ነዳጅ ለ27ታችንም የጨርቅ ማስክ ሳይገዛ አይቀርም። የግድ ሰው ከተያዘም ደጅ ሜዳ ላይ አቁሙት፣ ስሙን መዝግቡት፣ ሙቀቱን ለኩት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልቀቁት። መስኮቷ የመጽሐፍ ሽፋን በምታክል ክፍል አትቆልፉበት። ስንት ሰው እንደተያዘ ብቻ ሳይሆን ስንት ተከራይ እንደዳነ፣ ስንት አሠሪ እንደተጠየቀም በዜና ንገሩን። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነም ዜሮ በሉን። ይህን ጠየቃችሁ ተብሎ "የአዋጁ ጠላት" የሚል ስም ቢለጠፍብን ግድ የለም፤ አዋጁን እንዲሠራ የምንፈልገው እኛ ነን።

ለኛ ደግሞ፦ እምቦጭ ለመንቀል ጣና ዳር ስንወርድ አበል የጠየቀ አልነበረም። አሁንም እንደዚያው ነው። መጋቢት ላይ በየታክሲ ተራው ጀሪካንና ሳሙና ይዘው ሰው ሲያስታጥቡ የነበሩ ልጆች የት ገቡ? ጀሪካኖቹ አሁን ባዶ ናቸው፣ አንዳንዱም ተሰርቋል። በሽታው ሲጀምር ነበርን፣ ሲበረታ ጠፋን።

እናቴ የልብስ ስፌት ማሽን ያለው ጎረቤት ለምና ከአሮጌ አንሶላ ማስክ ማሰፋት ጀምራለች፣ እስካሁን 40 ደርሷል። ላስቲክ ነው ያጠረን። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ገበያው መግቢያ እንገናኝ፣ አራት አራት ሆነን፣ አንዱ ቡድን ከሌላው ራቅ ብሎ፣ ማስክ አፍ ላይ (እጅ ላይ አይደለም፣ ከኔ ተማሩ)። ላስቲክ ያለው ላስቲክ፣ ሳሙና ያለው ሳሙና፣ ጀሪካን ያለው ጀሪካን ይዞ ይምጣ። መጀመሪያ የምንሄደው ጎመን ተራ ነው፣ እትዬ ጋ። ባለፈው ሳምንት አይቻቸው ነበር፣ ያችኑ ነጠላ ጠቅልለው፣ ፒካፕ ባዩ ቁጥር ጎመናቸውን እያነሱ።